ቮልሷን ሳትቆርጡ ሙዚቃ ማስገባት፣ የድሮ ሬዲዮኗ እዛው እያለ

መጀመሪያ ግራይንደሩን አስቀምጡት። ቮልስ ይዛችሁ "ዘመናዊ ቴፕ አስገባልኝ" ብላችሁ አውቶ ኤሌክትሪክ ቤት ከሄዳችሁ ብዙውን ጊዜ የምታገኙት መልስ አንድ ነው፣ ዳሽቦርዷን ከፈት አድርጎ መሰካት። የዛሬ ቴፕ 182 በ53 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል፣ የድሮ ቮልስ ዳሽቦርድ ደግሞ ለሁለቱ ቁልፎችና መሃል ላይ ላለችው የቁጥር መስታወት ብቻ ነው የተቀደደው፣ ስለዚህ ቴፑ እንዲገባ ላሜራው መቆረጥ አለበት፣ ላሜራ ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ በቃ ተቆርጧል፣ በስቱኮና በቀለም ቢሸፈንም ያስታውቃል። እንደዛ የሆኑ ስንት ቮልሶች አይቻለሁ መሰላችሁ፣ የሚያናድደው ደግሞ ቴፑ በሁለት አመቱ ሞቶ ቀዳዳው ብቻ አፉን ከፍቶ የቀረባቸው አሉ።

የኔዋ እ.ኤ.አ. የ1969 ናት (ከዚህ በታች ያሉት አመቶችም በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ብላውፑንክት ሬዲዮ እንደተሰካባት ነው ያገኘኋት። ብላውፑንክት በጀርመንኛ ሰማያዊ ነጥብ ማለት ነው፣ ኩባንያው በ1920ዎቹ የጆሮ ማዳመጫ ሲሰራ ፈትሾ ደህና ነው ያለው ላይ ሰማያዊ ነጥብ ያደርግበት ነበር፣ ሰዉ በነጥቧ እየጠራ ሲገዛ ጊዜ ስሙ እሱ ሆኖ ቀረ። በ1932 በአውሮፓ የመጀመሪያውን የመኪና ሬዲዮ ያወጡትም እነሱ ናቸው። ይሄን ለወሬ ብቻ አይደለም የማነሳው፣ ዕቃው ራሱ ዋጋ አለው ለማለት ነው፣ ባይሰራ እንኳን አትጣሉት፣ ለማንም "ለስፔር" ብላችሁ አትስጡ።

የኔው ይሰራል። ኤፍኤሙ ግን 104 ላይ ያልቃል፣ ስለዚህ 97.1ም ፋናም 98.1 ላይ፣ ሸገርም 102.1 ላይ ይገባሉ፣ አፍሮ ኤፍኤም 105.3 ግን መርፌው አይደርስበትም። ከዛ የቆዩት አንዳንዶቹ 100 ላይ ነው የሚያበቁት፣ እነሱ ላይ ሸገርን እርሱት። ጭራሽ ኤፍኤም የሌላቸውም ሞልተዋል። እና እኔ የፈለግኩት ሬዲዮኑ እዛው ሆኖ ስልኬን በብሉቱዝ ማጫወት ነበር፣ መኪናዋን ነገ ብሸጣት የሚገዛት ሰው ሁለት ቡሎን ፈቶ ያስገባሁትን ሁሉ አውጥቶ እንደነበረች የሚያገኛት አይነት ስራ። ከዚህ በታች ያለው በሙሉ በዚህ ሀሳብ ነው የሚሄደው።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ቴስተር ያዙና የኋላ ወንበሩን አንሱ፣ የቮልስ ባትሪ እዛ ስር በቀኝ በኩል ነው። የውሃ መሙያ ክዳኖቹን ቁጠሩ፣ 3 ከሆኑ 6 ቮልት ነው፣ 6 ከሆኑ 12። ድፍን ባትሪ ከሆነ በቴስተር ለኩት። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሰሩት ቮልሶች 6 ቮልት ነበሩ፣ በ1967 አካባቢ ነው ወደ 12 የዞሩት፣ ግን እኛ ጋ በአመተ ምህረት አትመኑ ምክንያቱም ብዙዎቹ በመሃል ተቀይረዋል። እዚህ ላይ ደግሞ የሚዘነጋ ነገር አለ፣ መኪናዋ ወደ 12 ተቀይራ ሬዲዮኑ ግን 6 ቮልት ሆኖ የቀረበት ጊዜ አለ። የሬዲዮኑን ጀርባ ወይ ጎን ላይ የተለጠፈችውን ጽሁፍ ሳታነቡ ኮረንቲ አትስጡት። አንዳንዱ ሬዲዮ 6 እና 12 መቀየሪያ አለው፣ እሱም በየትኛው በኩል እንዳለ እዩ።

ቀጥሎ ማሳውን እዩ፣ ማለትም ከባትሪው የትኛው ጫፍ ቦዲው ላይ እንደታሰረ። ቮልስ ላይ ነጌቲቩ ነው ቦዲው ላይ የታሰረው፣ ጭንቀት የለውም። የድሮ ላንድሮቨር፣ ኦስቲን ወይ ሞሪስ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፣ የእንግሊዝ መኪኖች እስከ 1960ዎቹ ድረስ ብዙዎቹ ፖዘቲቩን ነው ቦዲ ላይ የሚያስሩት። የዛሬ ዕቃ በሙሉ የሚሰራው ነጌቲቭ ማሳ ነው ብሎ ስለሆነ እንደዛ አይነት መኪና ላይ በቀጥታ ብታስሩት የአምፕሊፋየሩ (የድምጽ ማጉያው) ቆርቆሮ ቦዲውን በነካበት ሰከንድ ጭስ ታያላችሁ። ወይ መኪናውን ወደ ነጌቲቭ ማሳ ማዞር፣ ወይ ደግሞ ግብአቱና ውጤቱ ያልተገናኘ ኮንቨርተር (ኮረንቲ መቀየሪያ) መጠቀም ነው ያለው አማራጭ፣ ሁለቱንም የሚችል ሰው ይስራው።

ሶስተኛው ሬዲዮኑ ራሱ ነው። ከፍታችሁት 20፣ 30 ሰከንድ ቆይቶ ከሆነ ድምጽ የሚመጣው አምፖል አለበት ማለት ነው፣ የድሮው ባለ ቫልቭ። ወዲያው ከጮኸ ትራንዚስተር ነው። አምፖል ያለበትን ሙያውን ሳታውቁ ሽፋኑን አትፍቱት። ባትሪው 6 ይሁን 12 ውስጡ ከ100 ቮልት በላይ ይፈጠራል፣ ከተዘጋም በኋላ ካፓሲተሮቹ ኮረንቲ ይዘው ይቆያሉ። እሱ ዝም ብሎ በቦታው ይቀመጥ፣ ሙዚቃውን በሌላ መንገድ እናመጣዋለን።

እንግዲህ መንገዶቹ ሶስት ናቸው፣ ከቀላሉ ልጀምር። ላይተር ላይ ተሰክታ የስልኩን ድምጽ በኤፍኤም ወደ ሬዲዮኑ የምትልከዋን ኤፍኤም ትራንስሚተር ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፣ እኔም መጀመሪያ እሷን ነበር የሞከርኩት፣ ለሶስት ቀን ደስ አለኝ፣ ከዛ አዲስ አበባ ላይ ጣቢያ ስለበዛ ሰፈር በቀየርኩ ቁጥር የሌላ ጣቢያ ዜና ዘፈኑ መሃል ይገባብኛል። ከሷ የሚሻለው በሽቦ የሚታሰረው ሞዱሌተር ነው። የአንቴናው ገመድ መጀመሪያ እሱ ውስጥ ይገባል፣ ከሱ ወጥቶ ወደ ሬዲዮኑ ይሄዳል፣ ሲበራ የውጪውን አንቴና ቆርጦ የናንተን ድምጽ ብቻ ያስገባል፣ ስለዚህ የጣቢያ ግጭቱ በጣም ይቀንሳል። ስትገዙ የሚልክበት ቁጥር ሬዲዮናችሁ ላይ መኖሩን አረጋግጡ፣ መቶ ስድስት ምናምን ላይ ብቻ የሚልክ ከሆነ 104 ላይ ለሚያልቅ ሬዲዮ ምን ሊሰራ። የአንቴናው መሰኪያም ላይገጥም ይችላል፣ መገጣጠሚያ ያስፈልገዋል። 6 ቮልት መኪና ላይ እነዚህ ዕቃዎች በቀጥታ አይሰሩም። ድምጹ ከአንዲቱ የድሮ ስፒከር ስለሚወጣም ተአምር አትጠብቁ፣ ግን የቆየ የጥላሁንን ዘፈን በሷ መስማት የራሱ ጣዕም አለው፣ ይሄን አልክድም።

ሁለተኛው ሬዲዮኑን ከፍቶ የስልኩን ድምጽ በትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ በኩል የድምጽ መቆጣጠሪያው ቁልፍ ላይ ማስገባት ነው፣ ለትራንዚስተር ሬዲዮ ብቻ፣ ሶልደር የለመደ እጅ ላለው። ሬዲዮኑን ለማውጣት ቁልፎቹን ወደራሳችሁ ስባችሁ ታወጣላችሁ፣ ከስራቸው ዳዶ አለ፣ ትፈቱታላችሁ፣ ከዛ የፊት ኮፋኖውን ከፍታችሁ ዳሽቦርዱን ከኋላ የሸፈነውን ካርቶን ስታነሱት ሽቦውንም የጀርባውን መያዣም ታገኙታላችሁ። ግን በናታችሁ ሶልደሩን እዛ አትስሩ፣ የቮልስ ቤንዚን ታንክ እዛው ኮፋኖ ስር ነው ያለው። ሬዲዮኑን ጠረጴዛ ላይ አውጥታችሁ ስሩ።

መቆጣጠሪያው ቢያንስ ሶስት እግር አለው፣ አራት ካለው አንዱ ለባስ ነው፣ ተዉት። አንዱ ዳር ማሳ ነው፣ መሃሉ ወደ ማጉያው የሚሄደው፣ ሌላኛው ዳር ከሬዲዮኑ ድምጽ የሚመጣበት፣ የምንፈልገው እሱን ነው። ወደሱ የሚመጣውን ሽቦ ቆርጣችሁ በትንሽ ሁለት መንገድ ማብሪያ ማጥፊያ አሳልፉት፣ በአንድ በኩል ሬዲዮ በአንድ በኩል ስልክ እንዲሆን፣ ካልሆነ ሁለቱ ተደራርበው ነው የሚጮሁት። የብሉቱዝ መቀበያው ግራና ቀኝ አለው ሬዲዮኑ ግን ሞኖ (ባለ አንድ መስመር) ነው፣ ግራና ቀኙን ዝም ብላችሁ እንዳታጣምሩ፣ በየመስመሩ አንዳንድ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርጉና ከሬዚስተሮቹ በኋላ አገናኟቸው፣ ከዛ ከ1 እስከ 5 ማይክሮፋራድ ባለው ካፓሲተር በኩል ወደ ማብሪያው ይሂድ። ካፓሲተሩ የሬዲዮኑ ዲሲ (ቀጥታ ኮረንቲ) ወደ ስልክ መቀበያው እንዳይመለስ ነው፣ እሱን ሳታደርጉ "ሰራ" ብትሉም ይዋል ይደር እንጂ አንዱ ይቃጠላል።

እዚህ ጋ እኔ አንድ መቀበያ ገድያለሁ። የድሮ ትራንዚስተር ሬዲዮ አንዳንዱ ውስጡ የድምጹ ማሳና የቦዲው ማሳ አንድ አይደሉም፣ እኔ አንድ ናቸው ብዬ መቀበያውን ከመኪናው ባትሪ በኮንቨርተር አበላሁት፣ ጭጭ አለ። ከዛ በኋላ ዘዴው ገባኝ፣ መቀበያው የራሱ ባትሪ ያለው ትንሹ አይነት ይሁን፣ ከመኪናው ጋር በኮረንቲ አይገናኝ፣ በየሳምንቱ ቻርጅ አድርጉት በቃ። ይሄ ጩኸትም ይቀንሳል።

ሶስተኛው መንገድ እኔ አሁን ያለሁበት ነው፣ ለብዙ ሰው የምመክረውም እሱን ነው። የድሮውን ሬዲዮ ምንም አትነኩትም፣ ከራሱ ስፒከር ጋር እንደፈለገ ይኑር፣ ስልኩ ግን የሚሄደው ብሉቱዝ ወዳለው ትንሽ አምፕሊፋየር ነው፣ እሱ ተደብቆ ሌሎች ስፒከሮችን ያጫውታል። ከውጪ የሚያይ ሰው ያው የ1969 ቮልስ ነው የሚያየው። ከኋላ ወንበር ስር በግራ በኩል፣ ከባትሪው ማዶ፣ ቦታ ይገኛል፣ አምፑ እዛ ይገባል፣ ግን እንዳትቀብሩት፣ አየር ይፈልጋል፣ የወንበሩ ስፕሪንግም ሲቀመጡበት እንዳይነካው።

አምፕ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ 1000 ዋት 2000 ዋት የሚለውን አትስሙ። ፊውዙን እዩ። 10 አምፒር ፊውዝ ካለው በ12 ቮልት ከባትሪ የሚወስደው ቢበዛ 120 ዋት ነው፣ ከ120 ውስጥ 1000 አይወጣም፣ ሻጩ ምንም ቢምል። ለቮልስ ደግሞ 4 መስመር በ30፣ 40 ዋት ከበቂ በላይ ነው። ክላስ ዲ የሚባለው አይነት ይሁን፣ ትንሽ ነው፣ አይግልም፣ ኮረንቲም ይቆጥባል።

ኮረንቲ መቆጠቡ ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ። የዛ ዘመን 12 ቮልት ቮልስ ዲናሞ ሙሉ ጉልበቱ ወደ 30 አምፒር ነው፣ እሱም ሞተሩ ሲሮጥ፣ አይድል ላይ ምንም አይሰጥም ማለት ይቻላል፣ ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም የምትለው ለዛ ነው። አሁን ማታ መብራት አብርታችሁ ዋይፐር እየሄደ መገናኛ ላይ ግማሽ ሰአት ቆማችሁ ሙዚቃ ከፍ አድርጋችሁ አስቡት፣ የምትሰሙት ሙዚቃ በሙሉ ከባትሪው ነው። መደበኛ ድምጽ ላይ ያለ ትንሽ አምፕ 1፣ 2 አምፒር ነው የሚበላው፣ እሱን ትችላለች። ሰብዉፈር እንጨምር የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፣ መጀመሪያ አልተርኔተር አስገቡ እላቸዋለሁ።

6 ቮልት ላላችሁ፣ ከ6 ወደ 12 የሚያወጣ ኮንቨርተር ገበያ ላይ አለ፣ ስትገዙ የሚጻፈውን አምፒር በግማሽ ቀንሳችሁ ገምቱት። አስሉት ደግሞ፣ በ12 በኩል 3 አምፒር ከወሰዳችሁ በ6 በኩል ቢያንስ 6 ነው፣ ኮንቨርተሩ የሚያባክነው ሲጨመር 7 ይጠጋል፣ ስለዚህ ሽቦውም ወፈር ይበል። ለ6 ቮልት መኪና እውነቱን ለመናገር ባትሪ ያለው ብሉቱዝ ስፒከር ጓንቲ ቤት ውስጥ ማስቀመጥም ነውር አይደለም፣ አንድ ወዳጄ እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ ማንም አልሳቀበትም።

ስፒከር የት ይግባ የሚለው ነው ሰው በሩን እንዲቆርጥ የሚገፋው። በሩን ተዉት። የቮልስ በር ካርቶን አንዴ ከተበሳ ዝናብ ሲያገኘው ይጣመማል፣ መስታወት ማውረጃውም ቦታ አይሰጥም። ከፊት እግር የሚያርፍበት ጎንና ጎን ላይ ያለው ካርቶን ጥሩ ነው፣ ኦሪጅናሉን አውጥታችሁ አስቀምጡና በሱ ልክ ከኮምፔንሳቶ ሌላ አስቆርጡ፣ ስፒከሩ እሱ ላይ ይታሰር። ከኋላ ደግሞ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ያለውን የዕቃ ጉድጓድ ለክታችሁ አናጺ ጋ ሳጥን አሰሩ፣ ሁለት 6 ተኩል ኢንች ስፒከር ይዞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ፣ ሲያስፈልግ ተነስቶ የሚወጣ። የኔ ሳጥን ከድሮ ቁም ሳጥን እንጨት ነው የተሰራው፣ በጥቁር ምንጣፍ አልብሼዋለሁ። አንድ ነገር ግን አስቡ፣ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ከኋላ የሚመጣውን ባስ 60 ላይ ስትነዱ ሞተሩ ይበላዋል፣ ስለዚህ ጥሩ ብሩን ለፊት ስፒከሮቹ አውጡት።

ከአንድ ስፒከር በላይ አልፈልግም ካላችሁ ደግሞ ባለ ሁለት ኮይል ስፒከር የሚባል አለ፣ ግራና ቀኝ ሁለቱም አንዷ ውስጥ ይገባሉ፣ በዳሽቦርዱ ግሪል ጀርባ በድሮዋ ቦታ ትገባለች። ያኔ የድሮውን ስፒከር ስለምታወጡ ሬዲዮኑ ያለ ስፒከር እንዳይከፈት አደራ፣ የዛ ዘመን ትራንዚስተሮች ባዶ ሲጮሁ የሚሞቱ አሉ። የአዲሱን አምፕ የስፒከር ሽቦም ቦዲ ላይ አትሰሩ፣ የድሮው ሬዲዮ አንዱን እግር ማሳ ያደርገው ይሆናል፣ የአሁኑ አምፕ ግን ሁለቱም ሽቦዎች ህይወት አላቸው፣ ሁለት ሁለት ሽቦ ለየብቻ ይዘርጋ።

ሽቦ ስትዘረጉ መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ። ፖዘቲቩን በቀጥታ ከባትሪው ውሰዱ፣ ከዳሽቦርዱ ፊውዝ አትቀጥሉ። ፊውዙ ከባትሪው 30 ሴንቲ ሳይርቅ ይቀመጥ፣ አምፑ ላይ ያለው ፊውዝ አምፑን ነው የሚጠብቀው፣ መሃል ላይ ሽቦው ተልጦ ቦዲ ቢነካ ግን የሚያድናችሁ ባትሪው ጋ ያለው ነው። ለዚህ መጠን አምፕ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና 15 አምፒር ፊውዝ ይበቃል። ነጌቲቩ ቀለሙ ተፍቆ ንጹህ ብረት በሆነበት ቦዲ ላይ ይታሰር። እና የባትሪው መሸፈኛ፣ እሱን ሳልናገር አላልፍም፣ የቮልስ ኋላ ወንበር ስፕሪንጉ ብረት ነው፣ ወፍራም ሰው ሲቀመጥ ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ከነካ ብልጭታ ይሰጣል፣ የወንበሩ መሙያ ደግሞ እሳት ለመያዝ አይሰንፍም፣ በዚህ የተቃጠሉ ቮልሶች አሉ። ሽፋኑ ከሌለ ወፍራም ጎማ ቁረጡና አልብሱት፣ ሙዚቃው ከዛ በኋላ ይደርሳል።

አምፑን የምታስነሳው ቀጭኗ ሽቦ፣ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ናት፣ ከመኪናው ቁልፍ ጋር አብሮ ከሚበራ መስመር ትምጣ፣ በመሃል ዳሽቦርዱ ስር ትንሽ ማብሪያ ጨምሩባት። እንደዛ ካላደረጋችሁ ብሉቱዙ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ሲፈልግ ያድርና፣ በሳምንት አንዴ የምትነዳ መኪና ከሆነች አንድ እሁድ ጠዋት ግፊ ትሆናለች።

ሁሉም ታስሮ ሲበራ እ...ዝዝዝ የሚል፣ ቤንዚን ስትሰጡት አብሮ እየቀጠነ የሚወጣ ድምጽ መስማታችሁ አይቀርም፣ ያ ዲናሞው ነው። መጀመሪያ ስልኩን ከቻርጀር ንቀሉት፣ ድምጹ ከጠፋ ችግሩ ስልኩና አምፑ ማሳ ላይ መገናኘታቸው ነው፣ በብሉቱዝ ብቻ ተጠቀሙ ወይ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የምትባለዋን ትንሽ ዕቃ መሃል ላይ አስገቡ። ካልጠፋ ዲናሞው ላይ የድሮዋ የሬዲዮ ካፓሲተር መኖሯን እዩ፣ ብዙ ጊዜ መካኒክ ሲጠግን ፈቶ ይጥላታል፣ ሶማሌ ተራ ፈልጋችሁ መልሷት። ቤንዚን ሲሰጥ የማይቀጥን፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ከካንዴላ ነው የሚመጣው፣ ሬዚስተር ያላቸው የካንዴላ ቆቦች ወይ ሮተር ይፈታዋል፣ ከዛ በኋላ ኤፍኤሙም ይጠራል።

ሬዲዮኑን ካወጣችሁ አይቀር ወደ ቦታው ከመመለሱ በፊት ወይ እንደገባ፣ ጎኑ ላይ ወይ አንቴናው መግቢያ ጋ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ፈልጓት፣ ለአንቴናው ማስተካከያ ናት። ሚድየም ዌቭ ላይ 1400 አካባቢ ደከም ያለ ጣቢያ ያዙና በቀጭን ካቻቢቴ በጣም በቀስታ አዙሯት፣ ድምጹ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ተዉት። የኔው ሬዲዮ ከዛ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ የአረብ አገር ጣቢያ ሁሉ እያመጣ ነው፣ ስልኩን የምረሳበት ቀን እየበዛ ሄዷል።